ያልታሸው ጉልበት

የልጄ ጉልበት ያበጠው በክረምት፣ ቴፒ ላይ ልብሱም ጫማውም በሚሻግትበት ወቅት ነው። የደም ካንሰር ነበረባት፤ አዲስ አበባ መድኃኒቷን ወስዳ ከተመለስን ብዙም አልቆየንም። አልወደቀችም፣ ማንም አልመታትም። ጉልበቷ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ትኩሳትም ያዛት።

ሐኪሟ ስንለያይ አስጠንቅቆኝ ነበር። መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከለውን የደሟን ዘበኛ ስለሚያዳክም፣ ትኩሳት ወይም እብጠት ካየሽ ሳታሳሺ፣ ሳታስበጪ ይዘሻት ነይ ብሎኛል።

ጎረቤቶቼ ወጌሻ ጠሩልኝ። በክፋት አልነበረም። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ቴፒ ላይ እናትም እህትም የለኝ፤ ስታመም የሚያስታምሙኝ እነሱ ናቸው። ባሌም እሺ ብሏል። ሽማግሌው ወጌሻ የማሻ ቅቤያቸውን በቅጠል ጠቅልለው ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላቸው። እኔ ከልጄ አልጋ ፊት ንቅንቅ አላልኩም።

«አባባ፣ እጅዎ የተባረከ ነው» አልኳቸው። «ስብራት ሲገጥመኝ ራሴ መጥቼ እለምንዎታለሁ። ይህን ግን አይነኩትም።»

እሳቸው ቅቤውን መልሰው ጠቀለሉ። የተቆጣችው ጎረቤቴ ናት፤ «እናንተ አገር ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚሸኘው?» አለችኝ።

«እኛም አገር ነውር ነው። ነውረኛዋ እኔ ነኝ» አልኳትና የልጄን ልብስ መሸከፍ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ እንደደረስን ከጉልበቷ በመርፌ ፈሳሽ ቀድተው መረመሩ። ፈንገስ ነው አሉ፤ ሻጋታ የምንለው ዓይነት፣ ጤነኛ ደም በቀላሉ የሚያባርረው። መገጣጠሚያውን ከፍተው አጠቡት፤ ረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትም አዘዙላት። ሊጠይቀን የመጣ የባሌ ዘመድ፣ ደሟ ካልዳነ ስለ ጉልበቷ ይህን ያህል ማሰቃየት ምን ይሉታል አለ። በሕይወት እስካለች ድረስ እግር ያስፈልጋታል አልኩት። ጸሎቴን አላቋረጥኩም፣ መድኃኒቷንም አላቋረጥኩም፤ ሁለቱ ይጣላሉ የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሯ ተመለሰች። ጉልበቷ ግን እስከ ግማሽ ነው የሚታጠፈው። ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሲሰግድ እሷ አንድ እግሯን ዘርግታ ጎንበስ ትላለች። አንድ ቀን ከኋላችን የነበሩ አሮጊት፣ ልጅ ሆና ምነው ስግደት ከበዳት ብለው አጉረመረሙ። ልጄ አንገቷን ደፋች።

ዞር አልኩ። «እማማ፣ ከዚህ በላይ አይታጠፍም። ለፈጣሪዋ በቅቶታል።»