ለምስጥ የቀባሁት ዘይት

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ከውርጌሳ ፍሬም በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። “መስታወቱ ተሰንጥቆ ነው፣ ቀይሪልኝ” አለኝ። ወልድያ ላይ ፎቶና ሥዕል በፍሬም ማስገባት ሥራዬ ከሆነ ቆይቷል። የመጣልኝን ሁሉ መጀመሪያ ገልብጬ ነው የማየው፤ ሰው ፊቱን ያሳምርና ጉዱን ከጀርባ ይተወዋል። ፕላስተር የለጠፈ፣ በኮላ ያጨማለቀ፣ የበረሮ እንቁላል የሞላበት፣ የማላየው የለም። ይኼኛውን ስገለብጠው ግን ጀርባው ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ጣቴም ተጣበቀበት። ሽታው ወዲያው ቤቱን ሞላው፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት።

“ማን ነው ይኼን የቀባው?” አልኩት።

“እኔው ነኛ! ለምስጥ ፍቱን ነው” አለኝ ኮራ ብሎ።

ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ ይዤ ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ሰውዬው “ምነው፣ አመመሽ እንዴ?” እያለ ተከተለኝ። አላመመኝም፣ አስጠላኝ እንጂ። እሱ ምን በወጣው፤ ያስጠላችኝ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እኔ ናት። ይኸውልሽ፣ ለማንም ያላወራሁትን ነው የምነግርሽ።

አባቴ መካኒክ ነበሩ። መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ጋራዥ ነበራቸው፤ ከደሴ የሚመጣው አይሱዙም፣ ወደ ወልድያ የሚወጣው ሚኒባስም ሲበላሽ እሳቸው ጋ ነው የሚቆመው። ከሞተር የሚወርደውን ጥቁር ዘይት አይደፉትም ነበር። በጀሪካን እያጠራቀሙ ለሰፈሩ ያድሉታል፤ የአጥሩ እንጨት፣ የበሩ መቃን፣ የአልጋው እግር፣ ሁሉም ይቀባል። የእኛ አገር ምስጥ ቀልድ አያውቅም። አንድ ክረምት የረሳሽውን ሣጥን ብታነሺ የታችኛው ሳንቃ እጅሽ ላይ አፈር ይሆናል። “እንጨት እኛ ቤት የሚገባው ዘይቱን ጠጥቶ ነው” ይሉ ነበር አባቴ።

እናቴ ያንን ሽታ አጥብቃ ትጠላው ነበር። የአባቴን የሥራ ሸሚዝ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ፊቷን አዙራ፣ “እፍፍ! ሰው እንደ መኪና ይሸታል እንዴ?” እያለች ወደ ውጭ ታወጣዋለች። አባቴ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ያኔ ለእኔ የአባቴ ሽታ ነበር፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

እናቴ የታመመች ዓመት ወንድሜ ሥዕሏን ሠራ። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ታፔላ ጻፊ ነበር፣ መርሳ ካሉት ሱቆች የግማሾቹን ታፔላ የጻፈው እሱ ነው። እናቴ ፎቶ መነሣት አትወድም። የነበራት የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለችው ብቻ ናት፤ እዚያም ላይ ማኅተሙ ፊቷ ላይ አርፎ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ለልጇ ግን እሺ አለች። ደሴ ድረስ ሄዶ ወፍራም ወረቀት ገዛና፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጧት፣ ስድስት ቀን ሙሉ በእርሳስ ሲሠራ ዋለ። የእርሳሱ ጭረት ወረቀቱ ላይ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።

“አፍንጫየን እንዳታረዝመው” ትለዋለች።

“እማየ ዝም በይ፣ አፍሽ ተንቀሳቀሰብኝ።”

ሲያልቅ እሷው ነበረች። ልትስቅ ስትል ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን የምታደርጋት ነገር እንኳ አላመለጠችውም። ከሁለት ወር በኋላ ሞተች።

ሐዘኑ በረድ ሲል እኔና ወንድሜ ሥዕሉን በሁለት ካርቶን መሃል አድርገን ወልድያ ወሰድነው። አንድ ጎልማሳ ፍሬም ሠሪ ነበር፤ ሱቁ ጠባብ፣ ወለሉ የዋንዛ ፍቅፋቂ የሞላበት። ሥዕሉን ስናወጣለት ምንም ሳይናገር ሄዶ እጁን ታጠበ፣ አደራረቀ፣ ከዚያ ነው የነካው። “ወረቀቱ መስታወቱን መንካት የለበትም፤ መስታወት ያልበዋል፣ ከዚያ ይጣበቃል” አለን። በመሃላቸው ነጭ ወፍራም ካርቶን ዙሪያውን ቆርጦ አስገባ። ከኋላ በስስ ኮምፔንሳቶ ዘጋው። ኮላ የሚባል ጠብ አላደረገበትም። ቤቱን የማስተዳድረው እኔ መሆኔን ሰምቶ ስለነበር ስንወጣ የነገረው ለእኔ ነው።

“እህቴ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ጀርባውን ምንም ነገር አትቀቡት። ምስጥ ከመጣባችሁ አውርዳችሁ ከግድግዳ አርቁት፣ በሽቦ ከጣራው አንጠልጥሉት፣ በቃ።”

“እሺ ጋሼ” አልኩት።

ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ ወንድሜ ፍሬሙን ጭኑ ላይ ታቅፎ፣ “ሰምተሽዋል አይደል?” አለኝ።

“ወልድያ ስለ ምስጥ ምን ያውቃል?” ብዬ ሳቅሁ።

አባቴ ከምንሰግድበት ክፍል አርቀው የእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ሰቀሉት። አንዲት ጎረቤታችን “የሰው ምስል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም ይላሉ” ብትላቸው፣ “እሷ እያለች መላእክቱ ይገቡ ነበር” አሏት። ለዚያ ክፍል እንደሳቸው የተጠነቀቀ ሰው የለም። እጃቸውን በኦሞና በአሸዋ ፈትገው ሳይታጠቡ አይገቡም፤ ገብተውም ከሥዕሉ ትይዩ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ እንጂ ጠጋ ብለው አይነኩትም።

ክረምት ሲገባ ወንድሜ ለትልቅ የታፔላ ሥራ ደሴ ሄደ፤ ሦስት ወር ቆየ። አባቴ ደግሞ ውርጌሳ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሊያነሡ ሄደው እዚያው በሰነበቱበት ሰሞን፣ የእንግዳ ክፍሉን ስጠርግ ግድግዳው ላይ የምስጥ ጭቃ አየሁ። ከወለሉ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ፍሬሙ እየወጣ ነው፤ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። በመጥረጊያው ጫፍ ስነካው ተፈረፈረና ነጫጮቹ እየተርመሰመሱ ወደቁ። ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ።

የፍሬም ሠሪው ምክር ትዝ አላለኝም ብልሽ ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል፤ ቃል በቃል። ግን ሽቦ መፈለግ፣ መሰላል ከጎረቤት መዋስ ታከተኝ። ደግሞስ የመካኒክ ልጅ አይደለሁም? ከጋራዡ ጣሳ ሙሉ ጥቁር ዘይት ቀድቼ መጣሁ። ፍሬሙን አወረድኩና የጀርባውን ኮምፔንሳቶ በብሩሽ ቀባሁት፤ ደረቅ እንጨት ስለሆነ ወዲያው መጠጠው። ደገምኩለት። ጥግ ጥጉን ሳይቀር ጠጣ። መልሼ ሰቀልኩትና ራሴን አመሰገንኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ነጩ ካርቶን ግርጌ ላይ የሻይ ጠብታ የመሰለ ነገር አየሁ። መስታወቱን ወለወልኩት፤ አልለቅ አለ። ከውስጥ ነበር። በየቀኑ እየወጣ ሄደ። ነጠላዋን ያዘው፣ አንገቷን፣ አገጯን። ወረቀቱ ፓስቲ የተጠቀለለበት ጋዜጣ መሰለ፤ ወዙ ማዶውን የሚያሳይ፣ እርሳሱ ውስጡ የሚዋኝበት። የሆነች ትንኝ ገብታ ጉንጯ ላይ ተጣብቃ ሞተች። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ አፏ ደርሶ ነበር፤ ያቺ ልትስቅ ያለችው ከንፈሯ በጥቁር ዘይት ተውጣለች። ክፍሉ በሙሉ ይሸታል። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ከቤት ስታወጣው የኖረችውን ግም እኔ ልጇ አፏ ውስጥ ጨመርኩባት። ወጥቼ ጓሮ አስታወክሁ። ከዚያ ተመልሼ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዳንቴል አለበስኩት።

አባቴ ከውርጌሳ ተመልሰው ሁለት ቀን ታገሡ። በሦስተኛው ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው አዩ። ፍሬሙን አውርደው ጀርባውን በጣታቸው ነኩና አሸተቱ። ከዚያ ጥፍሬን አዩት። ዘይት ጥፍር ሥር ሲገባ ቶሎ እንደማይወጣ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

“ወረቀት መሆኑን ረሳሽው ልጀ?” አሉኝ ቀስ ብለው። አለቀስኩ። “በይ ዝም በይ፤ ለማንም አትንገሪ” አሉና መልሰው ሰቀሉት።

ወንድሜ ከደሴ ሲመለስ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ነው ወደ እንግዳ ክፍሉ የገባው። ዳንቴሉን ሲስበው እኔ ከኋላው ነበርኩ። ጣቱን መስታወቱ ላይ፣ አፏ ጋ አሳረፈ። ከዚያ ዞሮ “ማነው? ማነው ዘይት የቀባው?” ብሎ ጮኸ። አፌን ከፈትኩ፤ ወላሂ ከፍቻለሁ። አባቴ ግን ቱታቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ደርሰው ነበር።

“እኔ ነኝ። ምስጥ ፈርቸ ነው” አሉት።

በቤታችን አባት አንቱ ነው የሚባለው። ያን ቀን ወንድሜ “አንተ!” አላቸው። “አንተ ከመኪና ሌላ ምን ታውቃለህ? ዕድሜዋን ሙሉ የጠላችውን ሽታ ፊቷ ላይ ደፋህባት!” አባቴ መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። እኔ በመሃላቸው ነበርኩ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬም መስታወት ስመለከት አንዳንድ ቀን ያቺን ልጅ አያታለሁ፣ ፊቷን ልተፋበት ያምረኛል።

ፍሬሙን ይዤ ብቻዬን ወልድያ ሄድኩ። ፍሬም ሠሪው ከፈተውና አፍንጫውን በክንዱ ያዘ። ነጭ ዱቄት ነሰነሰበት፣ መጣጭ ወረቀት አለበሰው፣ ሦስት ቀን አቆየው። “ዘይት ከወረቀት አይወጣም እህቴ” አለኝ በመጨረሻ። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።” ሥዕሉን ለማዳን የጀመርኩት መመላለስ ነው ኋላ ሙያ የሆነኝ። ወንድሜን “ድጋሚ ሳላት” ብዬ ለምኜው ነበር። ሞከረ። ዓይኗ ላይ ደርሶ እርሳሱን ጣለው። “ፊቷ አልመጣልህ አለኝ” አለና ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ጅዳ ሊሄድ ተነሣ። እኛ ዘንድ ሩቅ የሚሄድ ሰው፣ ወይም ሞት የቀረበው፣ የሰው ቂም ይዞ እንዳይሄድ እየዞረ “አፉ በሉኝ” ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ወንድሜ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ አፉ አስባለ። እኔን ግንባሬን ስሞ “እህቴ አፉ በይኝ” አለኝ፤ እኔን! አባቴ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ነበር። ባጠገባቸው አልፎ መኪና ላይ ወጣ።

ስምንት ዓመት እንዲህ ቆየን። ይደውላል፣ የሚደውለው ለእኔ ነው። “ደኅና ናቸው?” ይላል፣ “ደኅና ናቸው” እለዋለሁ፤ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ድምፁን ለመስማት ጆሯቸውን ወደ ስልኩ ያዘነብላሉ። ሁልጊዜ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እሱ ሥራ ላይ ነው፣ ረመዳን ነው፣ ምክንያት አላጣም። ምላሴ ላይ የደረሰውን እየዋጥኩ ስምንት ዓመት፤ የዋጥኩት ነገር ጣዕም የዚያ ዘይት ነው።

አባቴ ታመው የተኙበት ጊዜ አንድ ከሰዓት፣ አሱር ከሰገዱ በኋላ፣ “ደውይልኝ፤ ለሱ” አሉኝ። ደወልኩና ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ ደረታቸው ላይ አኖርኩት። ወንድሜ አነሣው። ከዚያ ማዶ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል።

“ልጀ፣ በእናትህ ሥዕል ጉዳይ አፉ በለኝ” አሉት።

 ሲያለቅስ ሰማሁት። “አፉ ብየዎታለሁ አባየ። አንቱም አፉ ይበሉኝ። ያን ቀን በምላሴ ደፍሬዎታለሁ።”

“አፉ ብየሃለሁ ልጀ፣ አፉ ብየሃለሁ።”

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ስልኩ እንደተከፈተ ነው፣ ሁለቱም ይሰሙኛል። እኔ ግን የአባቴን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ። ወንድሜ ደኅና ዋሉ ብሎ ዘጋ፤ እስከ ዛሬም አያውቅም፣ ምንም ያላጠፉ አባቱን ይቅር ብሎ ነው የሚኖረው። አባቴ ጥቂት አርፈው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ወቀሳ ፈለግሁ፤ አንድም አጣሁ።

“አንችም አፉ በይኝ ልጀ” አሉኝ።

የምለው ስምንት ዓመት የተዘጋጀ ነበር፤ ‘አባየ፣ አፉ መባል ያለብኝ እኔ ነኝ’ የሚል። ግን ጎረቤቶች ገብተው በሩ ላይ ቆመዋል፣ እያዩኝ ነው፣ መልሴን እየጠበቁ።

“አፉ ብየዎታለሁ አባየ” አልኳቸው።

“አልሐምዱሊላህ” አሉና እጄን ወደ አፋቸው ወስደው ሳሙት።