የገዛ በሩን የሚያንኳኳው ሰውዬ

ሽማግሌው የገዛ መኪናውን በር ሲያንኳኳ የነዳጅ ማደያዋ ሠራተኛ ኖሪን በመስኮት አየችው። መኪናው አልጋ የገባለት አሮጌ ሚኒባስ ነው፤ ቀለሙን የበረሃው ፀሐይ ልጦታል፣ የኋላ በሩ በሽቦ ታስሯል። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፊቱን የወረሩትን ዝንቦች እንኳ ሳያባርር ትንሽ ጠበቀና ገባ።

ኋላ ውሃ ሊቀዳ ሲመጣ ኖሪን አላስቻላትም።

«አባባ፣ የገዛ ቤትዎን ያንኳኳሉ እንዴ?»

«አንቺ ቤት ሳያንኳኩ ነው እንዴ የሚገባው?» ብሎ ሳቀባት።

«ውስጥ ሰው አለ?»

ሳቁ ቀረ። ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየና፣ «እሷ ይህን ሙቀት አትችለውም» አለ፤ ጀሪካኑን አንጠልጥሎም ሄደ።

ኖሪን የፊት መስታወቱን ልትወለውልለት እራፊ ጨርቅ ይዛ ወጣች። አሻግራ ብታይ ያለው አንድ ጠባብ አልጋ ነው፤ ትራሱም አንድ። ማንም የለም። ከሾፌሩ ጎን ያለው ባዶ ወንበር ግን ቀበቶው ታስሯል።

ሰውየው ሞተሩን አስነሣና፣ በዚያ ጎዳና የሚተላለፍ ሾፌር ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ለሰላምታ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አነሣላት። ኖሪን ግራ እንደተጋባች እጇን አነሣች። «በሰላም ይግቡ» ልትለው ነበር።

ከአፏ የወጣው ግን «በሰላም ግቡ!» ነው።