የእትዬ ነጥብ ጣሪያዎች

የሰፈሩ ሰው በስሟ አይጠራትም። ትንሽ ትልቁ «እትዬ ነጥብ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ዳገቱ ወገብ ላይ ያለው ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ኢንተርኔቱ በጠፋ ቁጥር ደውሎ ሲያማርር «አየሁት፣ ነጥብህ ቀልቷል» ስለምትለው። ቀን ቀን በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ጉንጩን ይዞ የሚገባውን ሁሉ «አይዞህ፣ ቁጭ በል» ስትል ትውላለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ የሰፈሩ ጣሪያ ይጠብቃታል።

ኩባንያዎቹ እዚያ ዳገት ላይ መስመር መዘርጋት አያዋጣንም ብለው ከተዉት ቆይቷል። ነዋሪው ተሰብስቦ የራሱን ሠራ። ከታች ባለው ዳቦ ቤት አንድ መስመር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ከጣሪያ ጣሪያ፣ አንዱ አንቴና ለሌላው እያቀበለ፣ እስከ ዳገቱ ጫፍ ይወጣል። አርባ ያህል ቤት ተያይዞበታል። ሁሉም በአንድ ካርታ ላይ ይታያል፤ ካርታውን የሚያሳየው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ጣሪያ አንድ ነጥብ አለው። ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲደክም ቢጫ፣ ሲጠፋ ቀይ። ነጥቡ ሲቀላ ፕሮግራሙ ወደ ስልክ መልእክት ይልካል። የሚልከው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእሷ።

ሥራውን የጀመረችው እዚያው ሰፈር ተከራይታ የነበረች ወጣት መሐንዲስ ናት። ልጅቷ አግብታ ስትሄድ ላፕቶፑን አምጥታ የእትዬ ነጥብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ሰው እስኪገኝ ለጊዜው ያዢልኝ» አለቻት። ሰው አልተገኘም። ያ «ለጊዜው» የእትዬ ነጥብ ልጆች አድገው ከቤት እስኪወጡ ዘለቀ።

የአንቴናዎቹን ብረት የበየደው ባሏ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ስልኳ ሲጮህ «ማን ሞተ?» ይላታል። «ጸጉር አስተካካዩ» ትለዋለች፤ ይስቃሉ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ቀልዱ ጨው አጣ። ስልኩ ሲጮህ እሱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ እሷ ጫማዋን ትፈልጋለች።

አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተነስታ ደከመኝ ብላ ነበር። ሰበብ አላበዛችም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔ አሳየዋለሁ አለች። የመስመሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። «እውነቷን ነው፤ የዚች ልጅ ወገብ እኮ ተቆረጠ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላት። ከጥቂት ቀን በኋላ ከኮሚቴው የተላኩ ሰዎች ስጦታ ይዘው በሯን አንኳኩ። አዲስ መሰላል ነበር፤ አሉሚኒየም፣ ከድሮው በግማሽ የሚቀል።

«እንዳይከብድሽ ብለን ነው» አሏት።

አመሰገነች። በሩን ዘጋችና መሰላሉን ኮሪደሩ ላይ አጋድማ፣ አጠገቡ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ባሏ ከጓዳ ብቅ ብሎ አያት። መብራቱን አብርቶላት ተመለሰ።

ነገሩን የቆረጠው የእህቷ መምጣት ነው። ታላቅ እህቷ ከሩቅ ከተማ፣ ጉልበቷን እያመማት፣ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ከተያዩ ዓመታት አልፈዋል። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሊቀርብ ሲል ስልኩ ጮኸ። «አሁን መጣሁ» ብላ ወጣች፤ ስትመለስ ምግቡ በርዶ እህቷ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። በማግሥቱ ሁለቱም እግራቸውን አጣጥፈው እንደ ልጅነታቸው አልጋ ላይ ወጡ። እህቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ገዛ ባሏ ሕመም ልትነግራት ጀመረች። ሐኪሙ ያለውን ልትናገር ስትል ስልኩ ጮኸ።

«ሂጂ» አለች እህቷ።

«ይቆይ፤ ጨርሺልኝ።»

«ልብሽ ሄዷል እኮ። ሂጂ።»

ሄደች። የላይኛው ሰፈር አንቴና በነፋስ ዞሮ ነበር። ተመልሳ «ሐኪሙ ምን አለ?» ስትላት «ተይው፣ አለፈ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቻቸውና ስለ አውቶቡሱ መቀመጫ ብቻ አወሩ።

ስትሸኛት መናኸሪያው ላይ «እታለም፣ ሳንጫወት እኮ» አለቻት።

«እኔማ አንቺን ላይ መጥቼ ጀርባሽን ሳይ ሰነበትኩ።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት፣ ታካሚ ጋብ ባለበት፣ ላፕቶፑን ከፈተች። ፕሮግራሙ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጣሪያ «ማን ይነገረው?» የሚል ቦታ አለ። ስታየው የኖረችው ነገር ነው። ያን ዕለት ግን የራሷ ስልክ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ስታየው አርባ ልጅ የወለደች መሰላት። አንድ በአንድ ቁጥሯን እየሰረዘች በቦታው የሁለት የሁለት ጎረቤት ቁጥር ጻፈች። ከዚያ ለዳገቱ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚል መልእክት ላከች፦

«ከዛሬ ጀምሮ የጎረቤታችሁ ነጥብ ሲቀላ የሚነገረው ለእናንተ ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለው የአንቴናው ሳጥን ሶኬት መሰካቱን እዩ። ከዚያ ሳጥኑን አጥፍታችሁ አብሩት። እምቢ ካለ ጣሪያ ወጥታችሁ አንቴናው መዞሩን እዩ። መሰላል እኔ ቤት አለ፤ እየመጣችሁ ውሰዱ።»

ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።

ከሰዓት በኋላ ጸጉር አስተካካዩ ሽርጡን እንዳገለደመ እየተንደረደረ ገባ። ጥርሱን ያመመው መስሏት «አይዞህ፣ ቁጭ በል» አለችው።

«አልቀመጥም። ይሄ ምንድነው? የሾፌሩ ጣሪያ ጠፍቷል ይለኛል ስልኬ።»

«ጠፍቶ ነዋ።»

«የጠፋባቸው እሳቸው፤ እኔን ምን አገባኝ? ዘበኛቸው ነኝ?»

ሾፌሩ ያለው አጥር የሚጋሩትን ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በፍሳሽ ቦይ ምክንያት ከተጣሉ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነዋል፤ ሰላምታ እንኳ የለም።

«ያንተስ ይሠራል?» አለችው።

«የኔማ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሞቷል። እሱንም ልነግርሽ ነው።»

«ያንተ በሳቸው ጣሪያ አልፎ ነው የሚመጣው።»

«በሳቸው?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ታዲያ እስከዛሬ አትነግሪኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

አሰበበት። «አስነቅለው ነበር» አለ ሳይዋሽ። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ታካሚ ያበጠ ጉንጩን እንደያዘ መሳቅ ጀመረ።

ያን ዕለት ማምሻውን ጸጉር አስተካካዩ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ማንንም ሳይጠራ፣ ወደ ግቢው «ሶኬቱን እዩት» አለ። የሾፌሩ ምራት ካውያ ልትሰካ ሳጥኑን ነቅላው ኖሯል። ሾፌሩ መለሱት። «ሰክቼዋለሁ» አሉ። «እሺ» አለ። እርቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለ ቦዩ ዛሬም አይነጋገሩም፤ ስለ ሶኬቱ ይነጋገራሉ።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አልሆነም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ያሉ ቤቶች መሰላል የሚሸከም ጠፍቶ ቀይ እንደሆኑ ከረሙ። አንዳንዱ የሞባይሉ ይሻለኛል ብሎ አንቴናውን አውርዶ መለሰ። እትዬ ነጥብ አመሏ ከፋ፣ ኮራች፣ ተባለ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠሩ።

«ልጄ፣ አጠፋሽ አልልም» አሉ። «ግን ሰው እየሸሸ ነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት፣ አባባ። የፕሮግራሙን የይለፍ ቃል ለማን ልስጥ?»

ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ማንም ያልጠበቃቸው ሰው ተነሱ፤ ሾፌሩ።

«ዕድሜ ልኬን ዳሽቦርድ ሳይ ነው የኖርኩት» አሉ። «ቀይ ሲበራ መቆም ነው። ለኔ ስጪኝ።»

ከሥራ መልስ እየሄደች አሳየቻቸው። ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናሉ፤ ሲሳሳቱ ላፕቶፑን እንደ ግትር በቅሎ ይሳደባሉ። ያም ሆኖ አንዴ የገባቸው ነገር አይጠፋቸውም።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልማድ ሆኖባት ካርታውን በስልኳ ከፈተችው። ባዶ ነበር። አንድም ነጥብ የለም። ጫማዋን አንስታ አንድ እግሯን ካገባች በኋላ ነው ያሰበችው፦ ኢንተርኔት ከሌለ ይሄ ገጽ በምን ተከፈተ? ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቷ ከልጇ ጋር በቪዲዮ ስትጫወት ይሰማል። ዳገቱ እንዳለ ነው። ማንም ምንም አላወቀም።

ስልኩ ጮኸ፤ ሾፌሩ ናቸው።

«ልጄ፣ ሰፈሩን ጨረስኩት» አሉ። «የራሴን ነጥብ ስም ላስተካክል ብዬ ሁሉንም ጠረግሁት።»

«ጋሼ፣ ሰፈሩ አለ። የጠፋው ሥዕሉ ነው።»

«ነይልኝ።»

መንገዱ ሩቅ አይደለም። ሄዳ በትንሽ ጊዜ ትጨርሰው ነበር። ጫማ ያላገባ እግሯን አየችው፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።

«አልመጣም» አለች። «ቅጂ አለው። በስልክ እየነገርኩዎት እርስዎ ይመልሱታል።»

ከሰዓቱ በሙሉ አለቀ። ሾፌሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እሷ «አይ፣ ከሱ በታች» ትላለች። መሃል ላይ ትዕግሥቷ አልቆ ብድግ አለች። ባሏ ጫማውን ከፊቷ አንስቶ በሩ ኋላ አደረገውና ወንበሩን ገፋ አደረገላት። በመጨረሻ ነጥቦቹ ተመለሱ፤ ሦስቱ ግን ቦታቸውን ስተው አንዱ ከሰፈሩ ውጭ ገደል ውስጥ አርፏል።

«የዳቦ ቤቱ ነው ገደል የገባው» አሉ ሾፌሩ።

«ነገ ያወጡታል» አለቻቸው። ሁለቱም ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበራቸውም።

አሁን መስመሩ ላይ የቀረው ሠላሳ የሚሆን ቤት ነው። ድሮ በአንድ ሰዓት የሚጠገነው ዛሬ ውሎ ያድራል። እሷም መጀመሪያ ላይ ደስታ አልተሰማትም። ሐኪም ቤት ተቀምጣ እጇ ሳታዘው ወደ ቦርሳዋ ይሄዳል፤ ስልኩ ዝም ማለቱ እንደ ስድብ ቆጠቆጣት። ከዚያ የስንት ዓመቱ ድካም ባንዴ ወረደባት። እሑድ እሑድ ተኝታ ትውላለች፤ ተነስታም ወገቧን ይዛ ትቆማለች። ለእህቷ ደውላ ስለ ባሏ ሕመም የጠየቀችው በዚያ ሰሞን ነው። እህቷ መጀመሪያ በአጭሩ መለሰችላት፤ ቀስ በቀስ ግን ከሥሩ ጀምራ ነገረቻት፤ ሰውየው እንደማይድን ጭምር። እትዬ ነጥብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

አንድ ማታ የራሷ ቤት ኢንተርኔት ጠፋ። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። መልእክቱ ለሁለቱ ጎረቤቶቿ እንደሄደ ታውቃለች።

«አትነሺም?» አላት ባሏ።

«ባለቤት አለው» አለች።

ያን ማታ ማንም አልመጣም። ጠዋት እንደጠፋ ትታው ሥራ ሄደች። ስትመለስ ይሠራል። ማን እንደጠገነው አልጠየቀችም፤ ባሏ ግን የጭቃ ጫማ የረገጠው የጣሪያችን ቆርቆሮ አንድ ቦታ ጎድጉዷል፣ ክረምት ሳይገባ ካልበየድኩት ያፈሳል አላት። እራቷን በልታ ጋደም አለች።