የአፈ ጉባኤ ዲስኮች

ሰፈሩ አፈ ጉባኤ የሚለው ሰውዬ ምክር ቤት ገብቶ አያውቅም። ስሙ የወጣለት ፊልም ስለሚተረጉም ነው። ትርጉም ሲባል ደግሞ ከሥር ጽሑፍ መለጠፍ እንዳይመስላችሁ። የፊልሙን ድምፅ ዝም ያሰኝና ጓዳ ገብቶ፣ ማይክራፎኑን አፉ ሥር ደቅኖ፣ የጀግናውንም የሽፍታውንም የአሮጊቷንም ቃል ብቻውን ይናገራል። ሴት ስታለቅስ እሱ ያለቅሳል፣ ውሻ ሲጮህ እሱ ይጮሃል። ከዚያ ዲስክ ላይ ገልብጦ ያከራያል። ሚስቱ ያን ጊዜ ሥራዋ የጓዳው በር ላይ ቆማ የጎረቤት ዶሮና ልጅ ዝም ማሰኘት ነበር። ስንቱን ፊልም እዚያው በር ላይ ቆማ በጆሮዋ ብቻ ጨርሳዋለች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ጉሮሮው ላይ ክፉ ነገር በቅሎበት ሆስፒታል የገባው። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉ፣ ድምፁን ግን ከነሥሩ አወጡት። ከእንግዲህ ሹክሹክታ እንኳ እንደማይኖረው ለሚስቱ ነግረዋታል። እሷም ሰው ፊት "እሱ ይትረፍልኝ እንጂ" ብላ አመስግና፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ አልቅሳ ወጣች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሊያመጣው የሄደው ልጃቸው ነው፤ ሚስት ለማግባት የደረሰ ጎረምሳ ሆኖ አሁንም የቴሌቪዥን ጨዋታ ከያዘ ምግብ የሚረሳ። አዲሱን ቴሌቪዥን ገዝቶ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኘው እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ዲስክ አቧራ ጠጥቶ አባዬን ያሳምመዋል፣ ኢንተርኔቱ ላይ የሌለ ፊልም የለም፣ አባዬ ቁጭ ብሎ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው ብሎ እናቱን ያሳመናትም እሱ ነው። እሷ ትናንት ቁምሳጥን ሙሉ ዲስክ ከነማጫወቻው አሮጌ ዕቃ ለሚሰበስበው ቁራሌው አስረከበች። ቦታውን አጥባ አንሶላና መድኃኒት ደረደረችበት። እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር!

ቤቱን ወልውላ ስትጨርስ ቴሌቪዥኑን ልሞክረው አለች። ባሏ የሚወደውን የፈረሰኛውን ፊልም ፈልጋ አገኘችው። ምስሉ ከድሮው ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ፈረሰኛው ከኮርቻው ወርዶ አፉን ሲከፍት ግን፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ በማታውቀው ቀጭን ድምፅ ተናገረ። ቁልፍ የተሳሳተች መስሏት ሌላ ፊልም ከፈተች። ሌላ ደገመች። በሦስተኛው ላይ ክው ብላ ቀረች።

እዚህ ላይ የሚስቅባት አይጠፋም፤ ፊልሙ ከባህር ማዶ እንደሚመጣ አታውቅም ወይ የሚል። ታውቃለች። ግን ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ፊልም ያለ ባሏ ድምፅ አይታ አታውቅም። ፈረሰኛው በባሏ አፍ መናገሩ፣ ፈረሱ አራት እግር እንዳለው ሁሉ የፊልሙ ነገር መስሏት ኖሯል። ድምፁን የሚቀዳበት ኮምፒዩተር ከተቃጠለ ቆይቷል፣ ደንበኞቹ የወሰዱት ዲስክም አልቆ ተጥሏል። የባሏ ድምፅ የቀረው ያ ቁምሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር። እሱን በገዛ እጇ በማዳበሪያ አስራ ሰጠችው።

ልጇ ጋ ስትደውል መኪና ውስጥ ነን አለ፤ አባዬ አጠገቤ ነው፣ ሰላም ይልሻል። ሰላም የሚልበት ምን አለውና! ወለሉ ስላልደረቀ ቀስ ብላችሁ ኑ አለችውና በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ሮጠች።

ቁራሌው የሚያራግፍበት ግቢ ከሰፈሩ ጀርባ ነው። ማጫወቻው ሆዱ ተዘርግፎ፣ ሽቦው ተነቅሎ አገኘችው። የዲስኮቹ መያዣ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ተፈጭቶ ጆንያ ውስጥ ገብቷል። ዲስኮቹስ አለች። ቁራሌው አብዛኛው አብሮ መፈጨቱን ነገራት። ጥቂቱን ግን ከመንገዱ ሥር አትክልት የምታለማው ሴትዮ ለወፍ ማባረሪያ ብላ ወስዳዋለች አላት።

ዲስኮቹ ከሩቅ ታዩዋት። በሲባጎ ተንጠልጥለው ከችግኙ በላይ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ነፋስ በመጣ ቁጥር እርስ በርስ ሲጋጩ ትሰማለች። ሳትጠይቅ ሲባጎውን መፍታት ጀመረች።

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ?" አለች አትክልተኛዋ መኮትኮቻዋን እንደያዘች።

"የባሌ ድምፅ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ሌላ የለውም" አለቻት።

ለአትክልተኛዋ እብድ መሰለቻት። ወፍ ሁለት ጊዜ ችግኝ እንደጨረሰባት፣ ይሄኛው ከተበላ ልጆቿ ጦም እንደሚያድሩ ተናገረች፤ እሷም እውነቷን ነው። የአፈ ጉባኤ ሚስት ከራሷ ላይ የሚያብለጨልጨውን ሻርፕ አውልቃ፣ በጥርሷ እየያዘች ተረተረችውና ዲስክ ባወረደችበት ሁሉ አንድ አንድ ቁራጭ አሰረች። ሴትዮዋም መኮትኮቻዋን አስቀምጣ የመጨረሻዎቹን ራሷ ፈትታ ሰጠቻት።

ቤት ስትደርስ መኪናው በር ላይ ቆሟል።

ባሏ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። መቆጣጠሪያው እጁ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ፈረሰኛው በዚያ በቀጭን ድምፁ ይለፈልፋል። የቁምሳጥኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ያያል፤ ገብቶታል ማለት ነው። ባሏ ዞሮ አያት። አልተቆጣም። የሚቆጣበት ድምፅ የለውም፤ ይሄ ነው የባሰባት።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለች። "እኔው ነኝ። ማንም አይደለም።"

ልጁ ሊናገር ሲል በእጇ ከለከለችው። ዲስኮቹን አትክልተኛዋ ከሰጠቻት ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ጽሑፋቸው ሲጋጩ ተፍቋል፤ የትኛው የትኛው ፊልም እንደሆነ አይለይም። በለብ ያለ ውሃ አጥባ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየጠረገች አደረቀቻቸው። ከዚያ ነው ማጫወቻ እንደሌላቸው ትዝ ያላት።

ልጁ ክፍሉ ገብቶ አሮጌ የጨዋታ መሣሪያውን ይዞ ወጣ። አዲሱ መሣሪያው ዲስክ የሚገባበት አፍ የለውም፤ ይሄኛውን ያስቀመጠው አንድ የሚወደው ጨዋታ ከኢንተርኔቱ ላይ ድንገት ስለጠፋና ዲስኩ ብቻ ስለቀረለት ነው። ይህን ጉድ ለጓደኞቹ አሥር ጊዜ አውርቷል። የአባቱን ቁምሳጥን ግን አላሰበውም። ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ።

የመጀመሪያው ዲስክ አይነበብም አለ። ሁለተኛውም። እሷ ቀሪዎቹን አንድ በአንድ ታቀብላለች፣ ልጁ ያስገባል፣ መሣሪያው ያጉረመርማል፣ መልሶ ይተፋል። ባሏ አይኑን ከማያው ላይ አልነቀለም። ዲስኮቹ ሊያልቁ ሁለት ሲቀሩ አንዱ ሲያጉረመርም ቆየ። ምስሉ ተቆራርጦ መጣ። ድልድይ ነው፤ ዝናብ ነው፤ አንድ ጠባቂ ፋኖስ ይዞ ቆሟል።

"ውሃው ሳይሞላ ተሻገሪ" አለ ጠባቂው፤ በባሏ ድምፅ።

ልጁ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እሷ የወንበሩን ጀርባ ያዘች። ባሏ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ የጀመረው ያኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው አፍ እየተከተለ ሲናገር የኖረ ሰው፣ አሁን የራሱን ድምፅ በገዛ አፉ ይከተላል። አንዲትም ቃል አላመለጠችውም። ሚስቱ ልዘንለት ወይስ ልሳቅ እስኪጠፋት ድረስ ቅንድቡ ሳይቀር ይሠራል።

"እኔን..." አለ ጠባቂው፤ ዲስኩም ቆመ። ልጁ ቢነካካው፣ አውጥቶ ቢጠርገው አልሆነም። ምስሉ እዚያው ደርቆ ቀረ። የባሏ ከንፈር ግን አልቆመም፤ ያለ ድምፅ ቀጥሏል፣ አረፍተ ነገሩን ሊጨርስ።

እሷ ከንፈሩን አየች። የሚለውን ታውቀዋለች፤ በር ላይ ቆማ ሰምታዋለች።

"እኔን አትጠብቂኝ" አለች፤ እየተጣደፈች። "ፋኖሱን ግን አታጥፊው።"

አፈ ጉባኤ ዞሮ አያትና ፊቱን አጨማደደ። መዳፉን ወደ ታች ወደ ታች አደረገ፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው። ከዚያ ጣቱን አዙሮ እንደገና አላት፤ እሷም እንባዋን ጠርጋ ከንፈሩን እያየች እንደገና አለችው።