የተረቱ መጨረሻ ያለበት ካርቶን

ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤትን የማውቀው በድምፁ ብቻ ነበር። መንደራችን ወላይታ ውስጥ ከበዴሳ ወጣ ብላ የምትገኝ ናት። ከወንዙ ማዶ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ጠዋት ጠዋት ሲደወል ታላቅ ወንድሜ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሮጣል፤ እኔ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ጀርባውን አያለሁ። በአምስት ዓመቴ ቀኝ እግሬን አጥንት ድረስ የዘለቀ ቁስል ይዞኝ ነበር። ሶዶ ወስደው አሳከሙኝ፤ ቁስሉ ዳነ፣ ጉልበቴ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። ትምህርት ቤቱ ለጤነኛ ልጅ እንኳ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ቁልቁለት ተወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት ይወጣል። አባቴ ሁለት ሳምንት በጀርባው አመላለሰኝ። ከዚያ የእርሻ ወቅት ደረሰና ቀረሁ። ማንም ቁጭ ብሎ «ትቅር» ብሎ አልወሰነም፤ ነገ ነገ ሲባል ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

የአባቴ አጎት ጋሽ ሳና ሸማኔ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ አጥር ጎን ባለች ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እራት ግን ከእኛ ጋር ነው። በወጣትነታቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንበብና መጻፍ ተምረው፣ ኋላም እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቀዋል። ያኔ ሲመሽ፣ ላሞቹ በቤቱ አንድ ወገን ታስረው ሲያመሰኩ፣ እናቴ የተቀቀለውን ቦይና፣ ሌላ አገር ጎደሬ የሚሉትን፣ ትኩሱን በጣቶቿ እያገላበጠች ስትልጥ፣ እንፋሎቱም ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሣር ክዳኑ ሲወጣ፣ ጋሽ ሳና በርጩማቸውን ወደ ምድጃው ሳብ አድርገው ተረት ይጀምሩ ነበር። የሚተርኩት በወላይትኛ ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመስማት መጠጋት ያስፈልጋል፤ ስንጠጋ ፍሙ ፊታችንን ይለበልበናል፣ ጀርባችን ግን ይበርደናል።

አንድ ምሽት አባቴ ዓይኑን ከፍሙ ሳያነሳ፣ «አስቴር እንግዲህ ቤት ትዋል። ጥጥ መፍተል ትልመድ» አለ።

ጋሽ ሳና ግን፣ «ጥጡንም ትፈትል፣ ፊደሉንም ትማር። እሷ ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ካቃታት ትምህርቱ ወደ እሷ ይምጣ» አሉ።

«ማን ያመጣዋል?» አለ አባቴ።

«እኔ አለሁ አይደል?»

በማግስቱ ጠዋት ከሽመና ጉድጓዳቸው አፋፍ አስቀመጡኝ። እሳቸው መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየወረወሩ፣ እኔ አመድ በተነሰነሰበት ሰፌድ ላይ በጣቴ ስጽፍ እንውላለን። መጀመሪያ የወላይትኛውን የላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ የአማርኛውን አስያዙኝ። ሁለት ወር አለፈ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለየሁ፤ ጎን ለጎን ሲሰለፉ ግን እንደማያውቁት ሰው ፊት ይሆኑብኛል። አንድ ቀን ሰፌዱን ገፋሁትና «አልችልም» ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ሳና አልተቆጡኝም፣ አላባበሉኝም። መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ሰፌዱን ከፊቴ አነሱ።

የዚያን ቀን ምሽት እሳት ልትጫር ስለተላከች አንዲት ልጅ ተረኩልን። ልጅቷ ፍሙን በገል ይዛ ስትመለስ ድልድዩ ላይ ነብር ቆሟል። «እሳቱን ካላጠፋሽ አላሳልፍሽም» አላት። ካጠፋችው ይበላታል፤ ነብሩ የሚፈራው እሳቱን ብቻ ነው። ካላጠፋችው ደግሞ መንገድ የለም፣ ታናናሾቿም በብርድ ይጠብቋታል። ጋሽ ሳና እዚህ ላይ ሲደርሱ ተነሡና ነጠላቸውን አጣፉ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

ከኪሳቸው የሳሙና ካርቶን ቁራጭ አወጡ። በከሰል አምስት መስመር በወላይትኛ ተጽፎበታል። ምሰሶው ላይ ሰኩትና፣ «ከዚያ ያለው እዚህ ነው» ብለውኝ ወጡ።

እናቴም አባቴም ማንበብ አይችሉም። ወንድሜ ይችላል፤ ግን አስቀድመው አስጠንቅቀውታል፣ ብለምነውም ብቆነጥጠውም አልነገረኝም። በሁለተኛው ቀን ካርቶኑን አውርጄ ብርሃን ባለበት ደጃፍ ዋልኩበት። «እሳት» የሚለውን ለየሁ። በሦስተኛው ቀን «ልጅቷ» እና «ነብሩ» ወጡልኝ፤ ማን ማንን ምን እንዳደረገ ግን አላወቅሁም። ምሳዬን ትቼ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቃላቱ ሳላስበው ተያያዙ። ልጅቷ ነብሩን «እኔ ብቻዬን ማጥፋት አይሆንልኝም፤ ና አብረን እፍ እንበለው» ትለዋለች። ነብሩ አፍንጫውን አስጠግቶ ባለ በሌለ ኃይሉ እፍ ሲል ፍሙ ይነድና ጢሙን ይለበልበዋል። እየጮኸ ጫካ ይገባል፤ ልጅቷም ትሻገራለች።

አንከስ እያልኩ ወደ ሽመናው ጉድጓድ ሄድኩ። «ጢሙ ተቃጠለ!» ብዬ ጮኽኩ። ጋሽ ሳና ቀና አሉ። «ማን ነገረሽ?» አሉኝ። «ራሴ አነበብኩት» ስላቸው እጃቸው ሥራው ላይ ቆመ፤ ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ መጨረሻ ያለው ተረት ሰምቼ አላውቅም። ምሽት ይተረካል፣ ጠዋት ይነበባል። ወሬው ወጥቶ ትምህርት ያቋረጡ የጎረቤት ልጆች መምጣት ጀመሩ፤ ሰባት ሆንን። ቆይተን መጨረሻውን ራሳችን እየጻፍን ለእሳቸው እናነብላቸው ጀመር። ካልጣማቸው «ነብሩ እንደዚህ ሞኝ ነው?» ብለው ይመልሱብናል፤ እኛም እንደገና እንጽፋለን።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ጋሽ ሳና ለአባቴ፣ «አሁን ክፍል ትግባ። እኔ ያለኝን ሰጥቻታለሁ» አሉት። አንድ ዓርብ ጠዋት በኪራይ ሞተር ሳይክል ሦስታችን፣ ባለሞተሩ ከፊት፣ እኔ መካከል፣ እሳቸው ከኋላ ሆነን ዞሮ በሚሄደው የመኪና መንገድ ትምህርት ቤቱ ደረስን።

ዳይሬክተሩ ትሁት ሰው ነበሩ፣ ግን ቸኩለዋል። «እስካሁን የት ተማረች?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ቤት» አሉ ጋሽ ሳና።

«የእርስዎ ቤት ትምህርት ቤት ነው እንዴ?»

«አይደለም። እሷ ግን ተምራለች።»

«ሰርተፍኬት የሌላትን ልጅ ከአንደኛ ክፍል ውጪ አላስገባም፣ አባቴ።»

«ይፈትኗት።»

«ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል። ሌላ ቀን ይምጡ።»

«እሷን እዚህ ማድረስ ቀላል አይደለም። እንጠብቅዎታለን» አሉና ከቢሮው ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

እረፍት ተደወለ። ተማሪዎቹ ከበው እግሬን አዩ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ዳይሬክተሩ ወጥተው ተመለሱ፤ እኛ እዚያው ነን። እኔን እፍረትም ረኃብም ያዘኝና «ጋሼ፣ እንሂድ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ማንበብ ትችያለሽ አትችዪም?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው የምንሄድበት ምክንያት የለም።»

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዳይሬክተሩ ጠሩን። የሦስተኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ሰጡኝ፤ አነበብኩ። «ይሄን ሸምድዳው ይሆናል» አሉ። ያኔ ጋሽ ሳና «ያላየችውን ይስጧት» አሉ። ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛቸው ላይ ከወረዳ የመጣ የአማርኛ ደብዳቤ አንስተው ዘረጉልኝ። ረጃጅሞቹ ቃላት ላይ እየተሰናከልኩ፣ እየተመለስኩ፣ እስከ ማኅተሙ ድረስ ዘለቅሁ።

«ምን ይላል?»

«ግማሹ አልገባኝም። ስብሰባ አለ ይላል። ሐሙስ እርስዎ ይምጡ ይላል።»

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አዩት። ሐሙስ ትናንት ነበር። ጥግ ላይ ፈተና ሲያርሙ የነበሩት መምህርት አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ቀጥሎም ዳይሬክተሩ ራሳቸው ሳቁ። ሒሳብም ጠይቀውኝ ማካፈል ላይ ስለወደቅሁ ከሦስተኛ ክፍል እንድጀምር ተወሰነ። በሳምንት ሁለት ቀን ከጎረቤት በምንዋሰው አህያ ልመጣ፣ ሌላውን ቀን ጋሽ ሳና ጋ ልማር፣ ፈተናውን ግን ከሁሉም እኩል ልቀመጥ። ዳይሬክተሩ «እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም» አሉ፤ ስሜን ግን መዝገቡ ላይ ጻፉ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ጋሽ ሳና አረፉ። ዛሬ ሶዶ ከተማ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መደበኛ ትምህርት ላመለጣቸው ልጆች በተውሶ ክፍል ሁለት ሁለት ሰዓት እሰጣለሁ። ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻለሁ፤ አንዳንዱን ሳስታውስ የአንዱ ተረት ነገር ከሌላው ጋር ይደባለቅብኛል። የቀረልኝ ያ አግዳሚ ነው። አንድ ሽማግሌ ምሳ ሳይቀምሱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ እኔን ማንበብ እንደምችል ሰው ቆጥረው ሙሉ ቀን የተቀመጡበት። ደክሞኝ ማስተማሩን ልተወው ባልኩ ቁጥር የሚያስቀምጠኝ እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ነው፤ እርሳስ ይዛ አታውቅም። እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጊዜው አላለፈባትም እንዴ፣ ቲቸር?» አለችኝ። ልጅቷን ስሟን ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩና ጠመኔውን በእጇ አስያዝኳት።