የጂሁን እናት ስም አላት

ፒዮ ኦክጁ ባንክ ቤት ተቀምጣ ስሟ ሲጠራ አልሰማችም። ጆሮዋ ጤነኛ ነው፤ የቡሳን ከተማ፣ የዮንግዶ ሰፈር ሐሜት ግድግዳ ሰንጥቆ ይደርሰዋል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «ፒዮ ኦክጁ» አለች፤ ደገመች፣ ሠለሰች። ኦክጁም ከሌሎቹ ወረፋ ጠባቂዎች ጋር አብራ ዞር ዞር እያለች፣ ይህች ጆሮ የሌላት ሴትዮ ማን ትሆን ብላ በዓይኗ ፈለገቻት። ሴትዮዋ እሷው ራሷ መሆኗ የገባት ተራዋ ካለፈ በኋላ ነው።

አይፈረድባትም። ልጇ ጂሁን ከተወለደ ጀምሮ በዚያ ሰፈር ኦክጁ የሚባል ሰው የለም። ዓሣ ሻጩም፣ ፀጉር ሠሪዋም፣ ፓስተሩም የሚያውቋት «የጂሁን እናት» ብለው ነው። ጂሁን አድጎ፣ ሴውል ሄዶ ሥራ ይዞ፣ ጢሙን የሚላጭ ጎረምሳ ሆኗል፤ እናቱ ግን እስካሁን በእሱ ስም ትጠራለች። ለውሻ ሳይቀር ስም ወጥቶለት በሚቆላመጥበት አገር፣ ሴት ልጅ ስሟን በማዋለጃ ክፍል አስረክባ ትወጣለች፤ ደረሰኝ እንኳ አይቆረጥላትም። ኦክጁን ለመጨረሻ ጊዜ ኦክጁ ያለቻት እናቷ ነበረች። እሷም ከሞተች ቆየች።

ከሁሉም የባሰው ባሏ ነው። ናም ጎንሲክ ይባላል፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የቡሳን ወንድ ማታ ቤቱ ገብቶ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ወሬኛ ይባላል፤ ጎንሲክ በዚህ አይታማም። ሲርበው ይስላል። ሲጠማው ይስላል። አብረው የሚወጡ ከሆነ በሩ ላይ ቆሞ ይስላል። ቀኑን ሙሉ ክላክስ ሲያጮህ የዋለ ሰው ማታ ምላሱን ቢያሳርፍ ምን አለበት ብለው የሚከራከሩለት ጓደኞች አሉት፤ እነሱም ሾፌሮች ናቸው። ሳል ያልበቃው እንደሆነ «የጂሁን እናት» ይላል። ፍቅር ሲይዘው ደግሞ «አንቺ» ይላል፤ እሱም በዓመት በዓል።

የተጋቡበት ሠላሳኛ ዓመት ሲደርስ ጂሁን የጃፓን ጉዞ አዘጋጀላቸው። ከቡሳን በመርከብ ፉኩኦካ፣ ከዚያ ወደ ቤፑ ፍል ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ያለ አንድ የመዝናኛ መንደር። ጎንሲክ በበኩሉ እንደ ወጉ የወርቅ ቀለበት ሊገዛ አስቦ፣ ያሰበውን በግማሽ ሳልና በግማሽ ቃል አስታወቀ።

«ወርቁ ይቅር» አለችው ሾርባውን እያቀረበች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ጃፓን ሳለን በስሜ ጥራኝ። አንዴ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። «በየትኛው ስም?»

«ስንት ስም ያለኝ መሰለህ?»

ጎንሲክ ሾርባውን ትክ ብሎ አየው። ሽማግሌ ሆነን፣ ሰው ምን ይላል፣ እንደ ትናንት ሙሽሮች፣ እያለ አጉተመተመ። እዚያ ማን ያውቀናል ስትለው «እናያለን» አለ። ጎንሲክ እናያለን ያለው ነገር ያን ጊዜውኑ እንደ ተቀበረ ኦክጁ ታውቃለች። ስለዚህ አቋሟን በማያሻማ ቋንቋ ገለጸችለት፦ ስሟን ሳትሰማ ከተመለሰች፣ ከዚያ ወዲያ «የጂሁን እናት» ብሎ ለሚጠራት ሁሉ ደንቆሮ ናት። ባልም ይሁን ፓስተር። ሾርባም ይቀዝቅዝ፣ ስልክም ይጩህ፣ በርም ይንኳኳ። ጎንሲክ የሾፌሮች ማኅበር አድማ ሲጠራ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ነበር፤ ይኸው አድማው ማዕድ ቤቱ ድረስ መጣለት።

መርከቡ ላይ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ጎንሲክም እንደ ባሕሩ። ሻንጣው ውስጥ ኪምቺ የሚባለውን የኮመጠጠ ጎመን፣ የቃሪያ ድልህ፣ የሚቀቀል ፓስታ አጭቋል፤ ጃፓን የሚባል አገር ምግብ የማያውቅ ይመስል። ኦክጁ መርከቡ ጫፍ ላይ ቆማ ነፋሱ ፀጉሯን ሲያመሰቃቅለው ትስቃለች። እሱ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፣ አፉን ከፈተ፣ ባሕሩን አየ፣ ዘጋው። «ይበርዳል» አለና ገባ።

ወደ ቤፑ የወሰዳቸው አውቶቡስ ደግሞ የባሰ አሠቃየው። ጃፓናዊው ሾፌር አንዲት አሮጊት ቦታቸውን ይዘው እስኪቀመጡ ድረስ መሪውን ጨብጦ ይጠብቃል። ጎንሲክ በሠላሳ ዓመት ሥራው ተሳፋሪ ሲቀመጥ አይቶ አያውቅም፤ የሱ ተሳፋሪ መኪናው ሲነሣ ራሱ ይቀመጣል፣ ወንበር ላይ ወይም ሰው ላይ። «በዚህ አያያዝ መቼ ሊደርስ ነው» እያለ የሌለ ፍሬን በእግሩ ሲረግጥ ዋለ።

እንግዳ ማረፊያው በር ላይ አንድ ቀጭን አስተናጋጅ መዝገቡን አይቶ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ «ፒዮ ሳማ፣ እንኳን ደህና መጡ» አላት፤ ሳማ የጃፓኖች የክብር መጠሪያ ነው። ኦክጁ ጉንጯ ቀላ። ጎንሲክ ይህን አላለፈውም፤ ጫማውን እያወለቀ፣ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ቤት ነው ብሎ ጠየቃት።

«ስሜን የሚያውቅ ሰው ነው» አለችው፤ የማረፊያውን ቀሚስ ተቀብላ ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ገባች።

የወንዶቹና የሴቶቹ ፍል ውሃ በቀርከሃ አጥር ነው የተለየው። ኦክጁ እስከ አንገቷ ነክራ፣ እንፋሎቱ መሐል ዓይኗን ጨፍና ቆየች። አጥሩ ማዶ ሰው የለም፤ እሱ ብቻ ነው። ማንም አያየው፣ ማንም አይሰማው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? ጠበቀች። በመጨረሻ ከአጥሩ ማዶ ሳል ተሰማ። እንውጣ ማለቱ ነው። ኦክጁ ሆን ብላ ጣቶቿ እስኪጨማደዱ ውሃው ውስጥ ተቀመጠች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጉዞው አለቀና የመጨረሻው ቀን መጣ። ማታ መርከብ አላቸው፤ ቀኑ የመዝናኛው መንደር ነው።

ይህ መንደር ደስታ በቲኬት የሚሸጥበት ቦታ ነው። ምልክቱ የመርከበኛ ቆብ ያደረገ ኤሊ ነው። ኤሊው በር ላይ ነው፣ ጣራ ላይ ነው፣ ሽንት ቤት ነው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይገባና ለመጮህ ይሰለፋል፤ ጮኾ ሲያበቃ ደግሞ ለመብላት ይሰለፋል። ከሕዝቡ ግማሹ ከባሕሩ ማዶ የመጣ የኛው ሰው ነው። ያም ሁሉ ደንቡን ጠብቆ፣ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት የኤሊ ቆብ ገዝቶ ደፍቷል። ኦክጁም ሁለት ገዛች። ጎንሲክ ለጥቂት ደቂቃ ተከራከረ፣ ተሸነፈ፣ ደፋው። የቡሳን የአውቶቡስ መሥመር አስፈሪ ሾፌር፣ ሁለት ጆሮ መሳይ የኤሊ እግር ግራና ቀኝ እየተወዛወዘበት፣ አይስክሬም ይዞ ቆመ። ኦክጁ ፎቶ አንሥታ ለልጇ ላከችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በብረት ሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን ባቡር ስታይ ልቧ ተነሣ። ጎንሲክ አልወጣም አለ። መሪውን ያልያዝኩት ነገር ላይ አልሳፈርም፣ አለ በኩራት።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ስታንገላታ ኖረህ፣ ዛሬ ተራህ ሲደርስ ፈራህ?» ብላው፣ ቦርሳዋንና ስልኳን አስይዛው ብቻዋን ሄደች። ሲያልቅ አደባባዩ ላይ ያለው ፏፏቴ ጋ እንገናኝ ተባባሉ።

ኦክጁ ባቡሩ ላይ ምን እንደሆነች ራሷም አታውቀውም። ከላይ ባሕሩን አየች፣ ከዚያ ባቡሩ ቁልቁል ተወረወረ፣ ከዚያ ጮኸች። በዕቃ ማጠቢያው አጠገብ፣ በአማት ፊት፣ በጎረቤት ፊት ያልጮኸችውን የሠላሳ ዓመት ጩኸት በአንድ ቁልቁለት አወጣችው። ወርዳ ስትስቅ ድምፅ የሚባል ነገር አልቀረላትም፤ ጉሮሮዋ ሻክሮ ነፋስ ብቻ ያወጣል።

ፏፏቴው ጋ ለመድረስ መንገዱን መሻገር ነበረባት። መንገዱ ግን በገመድ ታጥሯል፤ ኤሊ መስለው የለበሱ ሠራተኞች ሰልፍ እያለፈ ነው። ከበሮ፣ ጥሩምባ፣ ባለ ቀለም ወረቀት። ያን ያህል ሰልፈኛ ወጥቶ አንድም ጥያቄ የያዘ የለም። ኦክጁ ከገመዱ ወዲህ ቀረች። ከገመዱ ወዲያ፣ ሁለት ቦርሳ በሁለት ትከሻው አንግቶ፣ ጎንሲክ ይታያታል። እሱ አያያትም። እንዴት ብሎ ይያት? አጭር ጥቅልል ፀጉር፣ ሐምራዊ ሰደርያ፣ የኤሊ ቆብ፤ በዚያ ዕድሜ ያሉ የአገሯ ሴቶች በሙሉ አንድ ፋብሪካ የለቀቃቸው ይመስላሉ።

መጀመሪያ ሳለ። ከበሮው ሳሉን ዋጠው። ፊቱ ላይ ድንጋጤ ስትወጣ ኦክጁ አየች፤ የሠላሳ ዓመት ቋንቋው ጥሎት ሄደ። ከዚያ ደረቱን ነፋና በሾፌር ድምፁ ለቀቀው፦

«የጂሁን እናት!»

አራት ሴቶች ዞሩ።

ያ ትውልድ ወንድ ልጅ ሲወልድ ጂሁን ማለት ይወድ ነበር። አንዷ ልጄ ምን ሆነብኝ ብላ ስልኳን ከቦርሳዋ ጎትታ አወጣች። ሌላዋ የኔ ጂሁን ወታደር ቤት ነው፣ ምን ሰምተህ ነው፣ ብላ ክንዱን ጨመደደችው። ጎንሲክ እናንተን አይደለም፣ የራሴን ነው፣ እያለ ላብ በላብ ሆነ። አዛኝ ናቸውና ሊያግዙት ወሰኑ፤ አራቱ የጂሁን እናቶች ተሰልፈው ባንድ አፍ «የጂሁን እናት» እያሉ ሲጮኹ፣ ከአይስክሬሙ ሰልፍ አምስተኛዋ መጣች።

ኦክጁ እጇን ብታነሣ ነገሩ አለቀ። እጇም መነሣት ፈልጎ ነበር፤ ከሰው ሁሉ ረዝሞ ቆቡ የተንጋደደ ሽማግሌ ያሳዝናታል፣ ትወደዋለችም። ግን ጃፓን እያለቀች ነው። እጇን ሰደርያዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። አድማው ቀኑን ሳይጠብቅ ተጀመረ።

ከአራቱ አንዷ፣ ትከሻዋ ሰፊ የዴጉ ከተማ ሴት፣ ጩኸቱን በእጇ አስቆመች። «ጋሼ፣ ሚስትዎ ስም የላቸውም?»

«አላት።»

«ጠፋዎት?»

«አልጠፋኝም።»

«ታዲያ ጥራታ! ሴትዮዋን ሊያስቀራት ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ!»

ጎንሲክ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። መሬት ብትከፈት ቲኬት ቆርጦ ይገባ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«ፒዮ ኦክጁ!»

ከነአባቷ ስም፣ እንደ ግብር ሰብሳቢ። ቢሆንም ኦክጁ «አቤት» አለች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ነፋስ ነው፣ አጠገቧ ያለ ሰው እንኳ አልሰማትም። እጇን ማንሣት ትችል ነበር። ያን ጊዜ ግን ሌላ ነገር ያዛት፤ ቃሉ ጣፈጣት። አንዴ ብላ የለመነችው ነገር ሁለተኛ ሊመጣ ነው፤ ማን ያስቆማል?

«ኦክጁ!» አለ። አሁን ዓይኑ ተገልጧል። ሴቶቹም ተቀብለው «ኦክጁ! ኦክጁ!» ይላሉ፤ የዴጉዋ ሴት እያጨበጨበች ትመራለች። ሰልፈኞቹ ኤሊዎች የአዲስ ኤሊ ስም መስሏቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እናቷ ያወጣችላት ስም፣ የትምህርት ቤቷ ስም፣ ወንዶች ከአጥር ሥር ሆነው የሚያፏጩባት ልጃገረድ ስም፣ በባዕድ አገር አደባባይ በከበሮ ይጠራል። ጎንሲክ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሌላ ጊዜ ጮኸ፤ በጮኸ ቁጥር እፍረቱ እየሳሳ፣ ድምፁ እየለሰለሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ፣ ከመጋባታቸው በፊት ትሠራበት የነበረው የመርከብ ጥገና በር ላይ ቆሞ ይጠራት እንደነበረው፣ «ኦክጁዬ፣ የት ነሽ?» አለ።

ኦክጁ እጇን አነሣች። እንባዋና ሳቋ ተደባልቀው ፊቷን አበላሽተውታል፤ ግድ አልሰጣትም።

ገመዱ ሲፈታ ሴቶቹ ተንጋግተው ተቀበሏት፤ ቀድመው የጠየቋት ስለ ጤናዋ ሳይሆን ስሟን ለማስጠራት ስንት ዓመት እንደፈጀባት ነው። ሠላሳ ስትላቸው የዴጉዋ ሴት ዞር ብላ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተጠበሰ በቆሎ የሚግጠውን የራሷን ባል አየችው። ሰውየው ምን እንደመጣበት ገብቶት በቆሎውን አስቀመጠ። ኦክጁና ጎንሲክ ወደ በሩ ሲያመሩ ከኋላቸው የሴት ስም በወፍራም የወንድ ድምፅ፣ እየተደናቀፈ፣ ሲጠራ ሰሙ።

በመርከቡ የመኝታ አዳራሽ ተሳፋሪው ሁሉ የቡሳን ሰው ነው፤ በጎንሲክ መሥመር የሚሠራ ሾፌርም ፊት ለፊታቸው ጫማውን አውልቆ ተጋድሟል። ኦክጁ ልቧ ትንሽ ፈራ፤ ጃፓን ሌላ፣ የሰፈር ሰው ሌላ። ጎንሲክ ግን አንዴ ተከፍቶ የማይዘጋ ቧንቧ ሆኖ ነበር። ኦክጁ፣ ካልሲዬ የታለ? ኦክጁ፣ ኪምቺው አለቀ? ኦክጁ፣ ትራሱን አቀብዪኝ። ጨቋኝ መደብ መብት ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ስሟን መልሶላት ሲያበቃ በስሟ ማዘዝ ጀመረ።

«ኦክጁ፣ ውሃ» አለ።

«ራስህ ቅዳ» አለችው በሻከረ ድምፅ።

ተጋድሞ የነበረው ሾፌር ቀና ብሎ ሁለቱንም አፈራርቆ አየ። ጎንሲክ ሊስል ቃጣው፣ ተወውና ተነሣ። የውሃው ማሽን ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ነው። እዚያ ደርሶ፣ ሁለት ኩባያ ይዞ፣ በተኛውም ባልተኛውም ሰው ራስ ላይ አሻግሮ ጮኸ።

«ኦክጁ፣ ያንቺ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ?»

ድምፅ ስለሌላት በእጇ አመለከተችው፤ ሙቅ።