የወንድሜን ፊት የሣልኩበት ፈተና

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀረ። ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ እዚያው አምቦ የዘጠኝ ወር የዲዛይንና የዕደ ጥበብ ኮርስ ሊሰጥ ነው ሲባል ሰምቼ ተመዘገብኩ። እናቴ «ሥዕል ደግሞ ምን ይሆናል?» አለች። ወንድሜ ግን ገበያው ዳር ከሚሰፋበት ሱቅ ቁርጥራጭ አቡጀዲ እያመጣ መለማመጃ ይሰጠኝ ነበር። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሞቶ ጎጆ ከምትባለው ከተማ ወደ አምቦ ከወረድን ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው።

መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ከሲታ ሰው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በማስመሪያ ፊደል ብቻ አስጻፈን። የ«ሐ» እግሮች እኩል ካልወረዱ ወረቀቱን ይቀደዋል። ከዚያ ቀለም መደባለቅ፣ ቀጥሎ ጥለት። ደስ ይለኝ ነበር። እጄ አንድ ነገር ሲችል ያየሁት ያኔ ነው።

የማጠቃለያ ፈተናው ርዕስ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት መጣ፤ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠራ ፖስተር። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ሣልኩ። መምህሩ አየውና፣

«ይሄ አሻንጉሊት ነው። የምታውቂውን ሰው ሣዪ። መንገደኛን የሚያቆመው ፊት ነው» አለኝ።

ወንድሜን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ሣልኩት። እየሳቀ «ጆሮዬን አሳንሺልኝ» አለ። አላሳነስኩም። ቁርጥ እሱን እንዲመስል ፈልጌ ነበር። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ፤ ሥዕሉም በትልቁ ተሠርቶ ገበያው መግቢያ ላይ ተሰቀለ። ወንድሜ ደንበኞቹን እየወሰደ ያሳይ ነበር።

ወር ሳይሞላው ቅዳሜ ገበያ ላይ አፈሳ ሆነ። የልብስ ሰፊዎቹን ሱቅ በር ይዘው ወጣቱን ማውጣት ጀመሩ። ወንድሜ የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑን የሚገልጽ የቀበሌ ወረቀት ነበረው። አጠገቡ የሚሰፋው ሰው ኋላ እንደነገረን፣ አንዱ የአብዮት ጥበቃ ወረቀቱን እያነበበ ቀና ብሎ አየው።

«አንተ ገበያው በር ላይ የተሣልከው አይደለህም?»

«አዎ፣ እህቴ ናት የሣለችኝ።»

«ታዲያ ሰውን እየጠራህ ራስህ ልትቀር ነው?»

አብረውት ያሉት ሳቁ። ጥበቃው ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ወንድሜን ከሌሎቹ ጋር ጭነት መኪና ላይ አስወጣው።

ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ «ጓዲት፣ አንቺማ ልትኮሪ ነው የሚገባሽ» ብሎ መለሰኝ። ቤት ስገባ እናቴ ሰምታለች። ሲብስባት የምትናገረው በኦሮምኛ ነው። «ማል ጎቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ምን አደረግሽ፣ ልጄ?

ሰርተፍኬቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በአዳራሽ፣ በጭብጨባ ተሰጠኝ። መምህሩ ሲጨብጠኝ አቀርቅሮ «እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» አለ። እኔ ግን እንደሱ ማለት አልችልም። ፖስተሩ ለምን እንደሚሠራ አውቅ ነበር። የሌላ ሰው ወንድም የሚወስድ መስሎኝ ነው።

ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። እኔ በሰርተፍኬቴ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ መፈክር እጽፍ ነበር። ጦርነቱ አልቆ የተበተኑት ወታደሮች ሲመለሱ እናቴ በየቀኑ አውቶቡስ ተራ ትውል ጀመር። አንድ ቀን ውሃ ይዤላት ሄድኩ። ተቀብላኝ ጠጣች።

«አንቺ ሂጂ። እኔ እጠብቀዋለሁ» አለችኝ።

ወንድሜ አልመጣም። እናቴም እስክትሞት ድረስ ስሙን እኔ ፊት አንሥታ አታውቅም።